አምስት ቮልትን ይዞ መቆም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር፣ ለጥገና በመጣ ቴሌቪዥን ጀርባ በሚለጠፍ ፕላስተር ላይ የባለቤቱን ስምና የዕቃውን ሕመም ብቻ ነው። «የወይዘሮ እገሊት፤ ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም።» «የአቶ እገሌ፤ ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም።» እኔን ራሴን ጠግኑልኝ ብሎ የሚያመጣኝ ሰው ቢገኝ የሚለጠፍብኝ ሁለተኛው ነው።

በቃሌ እንዳላወራው ድምፄ አይወጣም። ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ከጉሮሮዬ ይነሣና ጥርሴ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይተኛል። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት «ምን አልሽ?» አይልም።

የተወለድኩት ደጀን ነው። ደጀን ለዓይነ አፋር የሚሆን ከተማ አይደለም። የዓባይን ዳገት ወጥቶ የሚመጣው አውቶቡስ ገና ሳይቆም በየመስኮቱ ሥር እየሮጡ «ቆሎ፣ ቆሎ፣ የሞቀ ቆሎ» ማለት ያስፈልጋል። እናቴ ትቆላለች፣ እኔ እሸጣለሁ ተባለ። ሣህኑን ይዤ መስኮት ሥር እቆማለሁ፤ ተሳፋሪው ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ አውቶቡሱ ይሄዳል። ቆሎው እንደወጣ ይመለሳል። እናቴ «ቆሎውን አገር አሳይተሽ ነው እንዴ የምትመልሽው?» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ታከታትና ደብረ ማርቆስ ራዲዮና ቴሌቪዥን ለሚጠግነው ወንድሟ ላከችኝ። «ከሰው ጋር አልሆነላትም፤ እስቲ ከዕቃ ጋር ትሁን» አለች። እሱም «እስከ ፋሲካ ልያት፤ ካልሆነች ወደ ቆሎዋ ትመለሳለች» ብሎ ተቀበለኝ። እንግዲህ ለእኔ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ወይ እዚህ ከማይናገር ዕቃ ጋር መዋል፣ ወይ ደጀን ተመልሶ መስኮት ሥር መጮህ።

አጎቴ ጋሼ ይስማው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፤ ጋሼ ይስማው አይሰማም። ቀኝ ጆሮውን የወሰደበት የደብር ድምፅ ማጉያ ነው። የማጉያው አፍ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» እያለ ሲያዳምጥ ሠራ። በግራው ትንሽ ይሰማል፤ እሱንም ደስ ሲለው። ድምፅ የሌላት ልጅ ጆሮ ለሌለው ሰው ተላከች ማለት ነው። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ወራት በሰላም ኖርን። እሱ አይሰማም፣ እኔ አልናገርም፤ እንዲህ ያለ ሰላም በብዙ ቤት የለም።

ሰላሙ የደፈረሰው አያ ደምሌ ቴሌቪዥኑን በጋሪ ጭኖ ያመጣ ዕለት ነው። አያ ደምሌ ከሱቃችን በስተጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ቀይ መብራቱን ያበራና ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል። ጋሼ ይስማው ከፍቶ ሲጎረጉር ቆየና «ሁሉም ነገሩ ደህና ነው፤ የሄደው አእምሮው ነው» አለ።

«ቴሌቪዥን አእምሮ አለው እንዴ?» አለ አያ ደምሌ።

«አለው። ይኸ ስምንት እግር ያለው ጥቁር አይሲ ነው። ጣቢያውን፣ ቀለሙን፣ የድምፁን ልክ የሚይዘው እሱ ነው። መብራት ሲዋዥቅበት ረሳ።»

«መብራቱን ማን አዋዠቀው?»

ጋሼ ይስማው በስተጀርባችን የሚያጓራውን ወፍጮ በአገጩ አሳየው። አያ ደምሌ የገዛ ወፍጮውን እንደ እንግዳ አየው። «እሱ እንኳ አይመስለኝም» አለ።

የዚህ በሽታ መድኃኒት አንድ ነው። ሌላ ተመሳሳይ ጤነኛ ቴሌቪዥን ይፈለጋል፣ አእምሮው ይወጣል፣ ውስጡ ያለው በኮምፒውተር ይነበብና በታመመው ላይ ይጻፋል። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ሠርተው የሚሸጡ አገሮች አሉ አሉ፤ ማርቆስ ግን ከእነሱ አንዷ አይደለችም። ጋሼ ይስማው ከወንበር መደገፊያ በቆረጠው ጣውላ ላይ ሽቦ ዘርግቶ፣ ከሞተ ማተሚያ ላይ ገመድ ወስዶ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ሰክቶ የራሱን ሠራ። «ማስጻፊያ» ብሎ ሰየመው። ሲያዩት የወፍ ጎጆ ይመስላል፤ ወፏም የለችበትም።

አሁን የእኔ መከራ ይጀምራል። አይሲው የሚፈልገው አምስት ቮልት ነው። ሲያንሰው ይረሳል፣ ሲበዛበት ይሞታል። አምስቱን ራሱ ቆሞ የሚጠብቅ ዕቃ ነበር፤ ተቃጠለ፣ ምትኩም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠበቅ ሆነ። ስለዚህ ጋሼ ይስማው ማዞሪያ ያለው ሌላ ዓይነት አደረገበት። ወደ ቀኝ ሲዞር ቮልቱ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል። የእኔ ሥራ ቮልት የሚለካውን የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች በአንድ እጄ የአይሲው እግር ላይ ማስነካት፣ በሌላው እጄ ማዞሪያውን መያዝ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት፣ የቴስተሩን ቀስትም አምስት ላይ ማቆየት ነበር።

ቀላል ይመስላል። ሕፃን ያዘለ ሰው ቢደክመው ሕፃኑን ያወርዳል፤ አምስት ቮልት የያዘ ሰው የት ያወርደዋል? ወፍጮው ሲነሣ አምፖላችን እንደ ፍም ይቀላል፣ ቀስቱም ይወርዳል፤ እኔ እጨምራለሁ። ወፍጮው ሲቆም ቀስቱ ይዘላል፤ እኔ እቀንሳለሁ። ውሎ አድሮ የሚፈጨውን እህል በቀስቱ ማወቅ ጀመርኩ። ጤፍ ሲሆን አራት ተኩል፣ በቆሎ ሲሆን አራት፣ አያ ደምሌ በተራ ከሚጣሉ ሰዎች መሃል ሊገባ ወፍጮውን ሲያቆም ስድስት። ክንዴ ዛለ፣ ዓይኔ ፈዘዘ። ተኝቼም እንኳ ጣቶቼ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዞራሉ።

እሱ ባልከፋ። ቁጥሩን መጥራቱ ነው የባሰው።

«ስንት ላይ ነው?» ይላል ጋሼ ይስማው ከኮምፒውተሩ ፊት።

«አራት» እላለሁ።

«ስንት?»

«አራት።»

«ስድስት? ቀንሺው እንጂ፣ ልትገይው ነው እንዴ?»

እቀንሳለሁ። ማን ይከራከራል? አይሲው በሦስት ቮልት ምን ያስታውስ፤ የተነበበው ሁሉ ቅራቅንቦ ሆነ። ይህን ስንለማመድ የነበረው ከቆሻሻ ላይ በነቀልነው አሮጌ አይሲ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ጋሼ ይስማው ግን በእኔ ድምፅ ተስፋ ቆረጠና ቦታ ተቀያየርን። እሱ ቴስተሩንና ማዞሪያውን፣ እኔ ኮምፒውተሩን። የፈረንጅ ፊደል እንደማያስኬደኝ ያውቃል፤ ስለዚህ ሦስት ቁልፎች ላይ ፕላስተር ለጥፎ በአማርኛ ጻፈልኝ። «አንብብ»፣ «ጻፍ»፣ «አጥፋ»። የመብራቱ ማከፋፈያ ደግሞ እግሬ ሥር ነበር፤ ማብሪያ ማጥፊያው እሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ከእኔ ቀድሞ ሳይደርስ አይቀርም። እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ፤ ደክሞኛል።

የአያ ደምሌን ዓይነት ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን መሪጌታ ነበሩ። ዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ አርጅተው ልጃቸው ማርቆስ ያስቀመጣቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ይስማው ሊዋሳቸው ሲሄድ እኔ ለሸክሙ ተከተልኩ።

«ጤነኛ እኮ ነው» አሉ መሪጌታ። «ጤነኛውን ምን ብለህ ታክመዋለህ?»

«ለበሽተኛው እንዲመሰክርለት ነው የኔታ።»

«እንግዲህ ምስክር ብለህ ወስደህ ተከሳሽ አድርገህ እንዳትመልሰው። እኔ ዜና ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አእምሮውን አወጣንና ጣውላው ላይ ሰካነው። ጋሼ ይስማው ቀስቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ «አንብቢ» አለ። «አንብብ»ን ነካሁ። ቁጥሮች እንደ ምስጥ ከኮምፒውተሩ መስኮት ሥር እየወጡ ይሰለፉ ጀመር። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ያህል ከዕቃ ጋር የምሆን ሰው መሰልኩ። ግማሽ ሳይደርስ በስተጀርባችን ወፍጮው አጓራ፣ አምፖሉ ቀላ። ጋሼ ይስማው ማዞሪያውን እያሽከረከረ «አጥፊው» አለ።

ፊቴ «አጥፋ» የሚል ቁልፍ አለ። እግሬ ሥር ማጥፊያ አለ። የቱን? ይህች «የቱን?» የምትባል ቃል አጭር ናት፤ ማንም ይላታል። እኔም አልኳት፤ ግን በእኔ ድምፅ።

«አጥፊው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ፣ ዓይኑን ከቀስቱ ሳይነቅል።

የተጻፈ ነገር ከእግር ሥር ነገር ይበልጣል ብዬ ቁልፉን ነካሁት። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ለሰው እምቢ ማለት አልችልም፤ ለኮምፒውተርም አልቻልኩም። እሺ አልኩት። ቁጥሮቹ ተሰበሰቡና በምትካቸው ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኤፍ እያለ ከላይ እስከ ታች ሞላ። ኤፍ ማለት መውደቅ እንደሆነ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ሰምቷል።

«አጠፋሽው?»

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አዎ ብዬ።

«መብራቱ በርቶ የለም እንዴ?»

በጣቴ ኮምፒውተሩን አሳየሁት። ጋሼ ይስማው መጥቶ አየ። ቆሞ አየ፤ ተቀምጦ አየ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ የቴስተሩን ገመድ ጠቀለለና «አንቺ ምን ታደርጊ፤ የቅዳሜውን አውቶቡስ ትይዣለሽ» አለኝ። ፋሲካ ገና ነበር። ገና አይቶኝ አልጨረሰም ብዬ መከራከር ይቻል ነበር፤ ለሚችል ሰው።

አሁን ሁለት ቴሌቪዥኖች ሞተዋል፤ የመሪጌታው አይሲም ባዶውን ቀርቷል። ለአንዱ መድኃኒት ስንፈልግ ሁለት በሽተኛ አተረፍን። መሪጌታ ተጠርተው መጡ፤ በርጩማ ቀረበላቸው፤ ጋሼ ይስማው ጥፋቱን ሁሉ እንደነበረ ነገራቸው፤ እኔ ከካርቶን ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ።

«"አጥፊው" ያለ ማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«ምኑን ነበር ያልካት?»

«መብራቱን።»

«አሃ። ሰሙ መብራት፣ ወርቁ የእኔ ቴሌቪዥን።» በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉት፤ እየሳቁ ነበር። «ዲማ ስንቱን ተማሪ አውቃለሁ መሰለህ፣ ሰሙ ላይ ተቀምጦ ሸምግሎ የቀረ። ይቺ ልጅ በአንድ ጊዜ ወርቁን አነሣች። ጥፋቱ የተቀኘው ሰው ነው።»

«የኔታ፣ እኔ መቼ ተቀኘሁ?»

«ሳያውቁ መቀኘት ደግሞ የባሰ ነው። ጆሮህ ባይሰማ አፍህ እንኳ ምን እንደሚል ይወቅ እንጂ።» ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «ለማንኛውም ዜናዬን መልስልኝ።»

ፈረዱልኝ፤ ግን የመሪጌታ ፍርድ ሱቅ ውስጥ አይሠራም። የቅዳሜው አውቶቡስ እንዳለ ነበር። ሰው የተፈረደለትም የተፈረደበትም አንድ አውቶቡስ ላይ ሊሳፈር ይችላል።

ሦስተኛው የዚያ ዓይነት ቴሌቪዥን የተገኘው ከመንገዱ ማዶ ካለችው ከእትዬ ሙሉ ሻይ ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት ልንዋስ ስንሄድ ጉዳዩን ቀድማ ሰምታ ነበር። «ገዳዩ ይኸ የይስማው ጣውላ ነው አይደል?» አለች። ለምነን ለምነን ሰጠችን፤ ግን ለማታው ኳስ ሰው ሳይሰበሰብ ተመልሶ ቦታው ላይ እንዲገኝ አስማለችን።

ወስደን አይሲውን ጣውላው ላይ ስንሰካው መብራት ሄደ። ጠዋቱን ሙሉ ጠበቅን። ከቀትር በኋላ ሲመጣ ለእኛ ብቻ አልመጣም፤ ጠዋት ሳያስፈጭ የቀረ ሰው ሁሉ ስልቻውን ይዞ ወፍጮ ቤት ደጅ ተኮልኩሏል። ወፍጮው ተነሣ፣ ቀስቱ ወደቀ። ጋሼ ይስማው በዚህ ጊዜ ሁሉንም ብቻውን ሊያደርገው ፈልጎ የቴስተሩን መርፌዎች በክር አስሮ አቁሟቸው ነበር። ይህ ክር ቀድሞ ታስቦ ቢሆን ኖሮ የእኔ ክንድ ባልዛለ።

ቀስቱ አራትና አምስት መካከል ይወዛወዛል። ብንጠብቅ ኳሱ ይደርሳል፤ ብናነበው ሦስተኛም ቴሌቪዥን ሊሞት ነው። ጋሼ ይስማው ፊቱን አሸው።

«ሂጂና ደምሌን ለትንሽ ጊዜ እንዲያቆምልኝ ንገሪው። እኔ ይኸን ጥዬ መሄድ አልችልም። የራሱም ቴሌቪዥን አለበት በይው።»

እኔ። ወፍጮ ቤት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት የለበሰች ሴት «እታለም፣ ተራ አለ» አለችኝ። ለተራ እንዳልመጣሁ መናገር ነበረብኝ። ይልቅ ከሰልፉ ጭራ ሄጄ ቆምኩ። አውቃለሁ፤ አሁን ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። እህል ሳልይዝ ተራ ያዝኩ።

«እህልሽ የታል?» አለችኝ ከኋላዬ የመጣች።

ፈገግ አልኩላት።

«ለሰው ተራ እየያዘች ይሆናል» አለች ሌላዋ። «የማርቆስ ልጅ እህሉ ሳይበቅል ተራ ይይዛል።»

ሰልፉ እየተጎተተ ተጓዘ፤ እኔም አብሬ። አያ ደምሌ ፊት ስደርስ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ነጭ ነበር። «ነጭ ነው ሰርገኛ?» ብሎ ጮኸ።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። ወፍጮው አጠገብ ሆኜ እኔ ራሴም አልሰማሁትም።

«በቆሎ?»

ደግሜ ተናገርኩ።

«ሽሮ ከሆነ ዛሬ አይፈጭም።»

ለሦስተኛ ጊዜ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ ብሎ አየኝና «ቆይ ልጄ፣ ላጥፋውና ልስማሽ» ብሎ እጀታውን ወደ ታች ጎተተው።

ወፍጮው እየተንፏቀቀ ቆመ። ወፍጮ ሲቆም የሚመጣው ዝምታ ጆሮ ውስጥ ዱቄት የሞላ ያስመስላል። ሰልፉ በሙሉ አንገቱን አስግጎ እኔን ያያል።

«በይ አሁን ተናገሪ» አለ አያ ደምሌ።

ልናገር ነበር። ግን ልናገር የመጣሁት «ወፍጮውን ያጥፉልን» ነበር፤ ወፍጮው ደግሞ ጠፍቷል። የጠፋን ነገር አጥፉልኝ ማለት ሞኝነት ነው። ሌላ የተዘጋጀ ቃል አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እህል ባልይዝም የማይነቅዝ ነገር ይዤ መቆሜ ነው።

«ዱዳ ናት?» አለች አንዷ።

«የይስማው እህት ልጅ ናት።»

«እሱ ደንቆሮ፣ እሷ ዱዳ። በምን ይነጋገራሉ?»

«በቴሌቪዥን ይሆናል።»

ሳቁ። መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት አየሁ፤ ጫማዬንም አየሁ። አያ ደምሌ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ላይ ሥጋት መጣ።

«ይስማው ደህና ነው? መብራት ያዘው እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይደለም ብዬ።

«ከደጀን መርዶ መጣ?»

አይደለም።

«ቴሌቪዥኔ ተቃጠለ?»

ለዚህኛው ምን እንደምል አላውቅም ነበርና ትከሻዬን ሰበቅሁ።

«ሰውዬ፣ እስከ መቼ ታስቆመናለህ? ይነሣ እንጂ» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ቆይ እንጂ አባት፣ ልጂቱን ልስማት። አታፍሪ ልጄ፣ በይ።»

ሰው ሁሉ ጠበቀ። በመጨረሻ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ «ወፍጮውን እንዲያጠፉልን ነበር» አለ።

አያ ደምሌ ወፍጮውን አየ፤ እኔን አየ። «አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ የተነሣውን ሳቅ ወፍጮው ተነሥቶ ዋጠው።

ሱቅ ስገባ ጋሼ ይስማው አይሲውን ከጣውላው ነቅሎ በመዳፉ ይዞ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ናቸው፤ የተደረደረ ኤፍ የለም። ወፍጮው እንደቆመ ቀስቱን አምስት ላይ አውርዶ አንብቦ ጨርሷል።

«ምን ብለሽ አሳመንሽው?» አለኝ። «እኔ ስንት ዘመን ስለምነው አንድ ቀን አቁሞልኝ አያውቅም።»

«ምንም አላልኩም።»

«እ?»

«ምንም።»

«አዎ፣ በለስላሳ ቃል ነው እንጂ በቁጣማ ደምሌ መች ይሰማል» አለ። አላረምኩትም። ለማረም መጮህ ያስፈልግ ነበር።

የእትዬ ሙሉን ቴሌቪዥን ኳሱ ሳይጀመር መለስን። ሲመሽ ወፍጮው ተዘጋ፤ ጋሼ ይስማው በተረጋጋ አምስት ቮልት የአያ ደምሌንና የመሪጌታን አይሲዎች ጻፋቸው። ሁለቱም በሩ። ደስታችን ግን ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም አእምሮ ሲገለበጥ ጠባይም አብሮ ይገለበጣል። የሻይ ቤት ቴሌቪዥን ድምፁ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ነው፤ ሰው እየጮኸ የሚያይበት ነውና። የመሪጌታን ቤታቸው ወስደን ስንከፍተው የመደርደሪያው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ይስማው፣ የላክሁት ባሕታዊ ነበር» አሉ። «የመለስክልኝ ሰካራም ነው።»

ቀነስንላቸው፤ ዜናቸው ደረሰ። አያ ደምሌ ግን ነገ በወፍጮው ላይ አልፎ ይሰማኛል ብሎ ድምፁን አትንኩብኝ አለ።

ወደ ሱቅ ተመልሰን ዕቃ ስንሰበስብ ጨርቄ በነጠላ ተቋጥሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አውቶቡሱ እንዳለ ነው ወይስ ቀርቷል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እናንተ ግን እስካሁን አውቃችሁኛል። መበየጃውን ጠረግሁ፤ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግሁ። ጋሼ ይስማው ኮቱን ደረበ። ነገ ማለዳ ድምፅ ማጉያ ሊሰቅል ጉንደ ወይን እንደሚሄድና እስከ ማታ እንደማይመለስ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። ቋጠሮዬን አይቶ እንዳላየ አለፈው። ከዚያ ኪሱን ዳሰሰና አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«በሩ ያስቸግራል» አለኝ፤ «ቁልፉን ከማዞርሽ በፊት በትከሻሽ ገፋ አድርጊው።»